በሬሳ ላይ ይሳቃል? ስለ ለስላሳና አስቂኝ የመርማሪ ልብ ወለዶች የተደረገ ክርክር

ጥያቄው፦ ደም የማይታይባቸው፣ ፈገግ እያሰኙ ወንጀለኛ የሚያስይዙ ተከታታይ ልብ ወለዶች ግድያን ያቃልላሉ ወይስ አያቃልሉም?

ቀይ እስክሪብቶ፦ ያቃልላሉ እንጂ! የተለመደውን አካሄድ ተመልከቱት። በአንደኛው ምዕራፍ አንድ ባለጸጋ ሽማግሌ ሞቶ ይገኛል። በሁለተኛው ወራሾቹ ሻይ ይጠጣሉ። በሦስተኛው የሟቹ ስም ተረስቶ ወሬው ሁሉ ስለ ባቡር ሰዓትና ስለ ጠፋ ቁልፍ ይሆናል። ከልቡ የሚያለቅስ አንድ ሰው አይገኝም። «የሞተ ተጎዳ» ማለት ይህ ነው። ዘመዱ በሰው እጅ የሞተበት አንባቢ ይህን እያነበበ እንዴት ይስቃል?

የሌሊት አንባቢ፦ ጥርስ ባዳ ነው፤ ልቅሶ ቤትም ይሳቃል። ደራሲዎቹ ሟቹን የማይወደድ ሰው የሚያደርጉት ሆን ብለው ነው፤ አንባቢ ሐዘን ከተቀመጠ እንቆቅልሹን አይፈታም። ቀልዱም ቢሆን ጌጥ ብቻ አይደለም። እንግሊዛዊቷ ደራሲ አጋታ ክሪስቲ እ.ኤ.አ. በ1930 ለመጀመሪያ ጊዜ በረጅም ልብ ወለድ ያቀረበቻትን መርማሪ ሚስ ማርፕልን አስቡ። ሹራብ የምትሠራ አሮጊት ናት፤ ማንም ከቁም ነገር አይቆጥራትም፤ ስለዚህ ፊቷ ያልተወራ ምስጢር የለም። እሷ ደግሞ ስለ ሰው ልጅ ክፉውን ቀድማ የምትጠረጥር ናት። ለስላሳው ሹራቡ እንጂ ሴትየዋ አይደለችም።

ቀይ እስክሪብቶ፦ እንቆቅልሽ ከሆነማ ሬሳ ለምን አስፈለገ? የጠፋ ቀለበት አይበቃም?

ባለ ብዙ ቅጽ፦ ይበቃል! አሌክሳንደር ማኮል ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1998 የጀመረውን የቦትስዋና ተከታታይ ያነበበ ያውቀዋል። መርማሪዋ ፕሬሽየስ ራሞትስዌ በዋና ከተማዋ በጋቦሮኔ ቢሮ ከፍታ የምትይዘው ጉዳይ አብዛኛው የቤተሰብ ገመና ነው። አንድ ሰው «አባትሽ ነኝ» ብሎ አንዲት ሴት ቤት ገብቶ ይቀለባል። መርማሪዋ የነርስ ልብስ ለብሳ ትሄድና ልጅህ አደጋ ደርሶባታል፣ ደም ያስፈልጋታል፣ ብዙ ስለሚወሰድ አንተ ልትሞት ትችላለህ ትለዋለች። «አባት» ወዲያው አባትነቱን ይክዳል። የሰሎሞን ፍርድ በነርስ ልብስ!

ቢሮው ራሱ የተከፈተው በምን ገንዘብ መሰላችሁ? አባቷ በደቡብ አፍሪካ የማዕድን ጉድጓድ ሠርቶ ሳንባው በአቧራ ተጎድቶ ነው የሞተው፤ እሷ የወረሰቻቸውን ከብቶች ሸጠች። የመጀመሪያ ባሏም ይደበድባት ነበር። ይህ ሁሉ እዚያው ከሳቁ ጎን ተቀምጧል። እንዲያውም የሚከብደኝ ቃና ሳይቀየር ስለሚነገር ነው።

ቆጣሪው፦ የኔ ቅሬታ ሌላ ነው። በእነዚህ ተከታታዮች ውስጥ አንዲት ትንሽ መንደር በየቅጹ ሁለት ሁለት ሰው እየተገደለባት እንዴት እስካሁን ነዋሪ አላት? ከአሥረኛው ቅጽ በኋላ እኔ ብሆን ቤቴን ሸጬ እሄዳለሁ።

የሌሊት አንባቢ፦ እውነት ነው፤ መልስ የለኝም። አሥራ አንደኛውን ግን ገዝቻለሁ። ማን ገደለ የሚለውን በወሩ እረሳዋለሁ፤ የምመለሰው የመንደሯ መርማሪ ስትቆጣ መነጽሯን እንዴት እንደምታወልቅ ለማየት ነው።

ቀይ እስክሪብቶ፦ የዚያ የውሸት አባት ነገር አሳቀኝ፤ አልክድም። ግን ልብ በሉ፦ እዚያ ታሪክ ውስጥ ማንም አልተገደለም። እኔስ ምን አልኩ?