የብሪጅ ውድድራችን በጥሎ ማለፍ ይሁን ወይስ ሁሉም በአንድ ዓይነት ካርታ?

ሰብሳቢው

ሰላም ለሁላችሁ። ከፋሲካ በኋላ ባለው ሁለተኛ እሁድ የብሪጅ ውድድራችንን እናደርጋለን። ቦታው ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ ያለው አዳራሽ ነው። የጠፋው ሰው አንበሳው ሐውልት ጋ ቆሞ ይደውል። 28 ሰው ተመዝግቧል፤ 14 ጥንድ፣ 7 ጠረጴዛ ማለት ነው። አዳራሹ የኛ የሚሆነው ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ብቻ ነው።

ያልተስማማነው ውድድሩ በምን መልክ ይካሄድ በሚለው ነው። ግማሹ እንደ አምናው ጥሎ ማለፍ ይላል። ግማሹ ዱፕሊኬት ይሁን ይላል፤ ሁሉም ጠረጴዛ ያንኑ ካርታ ተራ በተራ የሚጫወትበት ማለት ነው። ሐሙስ ቡና ላይ ተጯጩኸን ተለያየን። እስቲ እዚህ ጻፉት። ቅዳሜ ማታ እጅ እንቆጥራለን።

ጨዋታውን ለማታውቁ ዘመዶቻችን በአጭሩ፦ ብሪጅ አራት ሰው 2 ለ2 ተጣምሮ የሚጫወተው ነው። 52ቱ ካርታ 13፣ 13 ይታደላል። መጀመሪያ ጨረታ አለ። «ይህን ያህል ትሪክ እንወስዳለን» (ትሪክ አራቱም አንድ አንድ ካርታ የሚጥሉበት ዙር ነው) ብሎ ትልቁን ቃል የገባው ጥንድ ኮንትራክቱን ይይዛል። ከዚያ ቃሉን መጠበቅ ነው።

የካዛንቺስ ልጅ

ጥሎ ማለፍ! ሌላ ምን ይባላል?

ሰፈራችን ሳይፈርስ በረንዳ ላይ ስንጫወት ሕጉ አንድ ነበር። የተሸነፈ ይነሳል፣ ሻይ ያዛል፣ ቆሞ ሲጠብቅ የነበረው ይቀመጣል። ደብተር ይዞ የመጣ ሰው አይቼ አላውቅም። አምና ፍጻሜው ላይ ሃያ ሰው ከቦን ነበር። የመጨረሻዋ ካርታ ስትወጣ የተጮኸው ጩኸት ዘበኛውን አስመጥቷል። ዱፕሊኬት ላይ ምን አለ? 28 ሰው አቀርቅሮ ወረቀት ይሞላል። ማትሪክ ልንቀመጥ ነው እንዴ?

ጡረተኛው ሒሳብ ሹም

ልጄ፣ አምና ጩኸቱ ደስ ይል ነበር፤ አልክድም። እኔ ግን የሰማሁት ከበር ውጭ ሆኜ ነው። በመጀመሪያው ዙር ወድቄ ነበርና።

እንዴት እንደወደቅሁ ልንገርህ። በዚያ ዙር ከተጫወትናቸው እጆች በአብዛኛው የያዝኩት አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት ነበር። አንዱ እጅ ላይ ከዘጠኝ የምትበልጥ አንዲት ካርታ አልነበረችኝም። እንዲህ ያለው እጅ ስም አለው፤ ያርቦሮ ይባላል። ያርቦሮ የሚባል የእንግሊዝ ባላባት «ይህ አይደርስብህም» ብሎ 1000 ለ1 ይወራረድ ነበር ይባላል። ትክክለኛው ስሌት 1827 ለ1 ነው። ሰውየው እያተረፈ ነበር። እኔ ግን አምና እሁድ ደረሰብኝ። ያሸነፉኝ ጥንዶች በተራቸው አስና ንጉሥ እየታደሉ «እንዴት ያለ ጨዋታ ነው የተጫወትነው» እያሉ ወጡ። ተጫወቱ? ካርታው ተጫወተላቸው እንጂ።

ደግሞ ቁጥሩን ተመልከት። 14 ጥንድ ነን። በመጀመሪያው ዙር 14 ሰው ይሰናበታል። 7 ጥንድ ይቀራል፤ ጎዶሎ ነው። አንዱ ሳይጫወት በዕጣ ያልፋል። ከዚያ 4፣ ከዚያ 2። በ9 ሰዓት ግማሹ አዳራሽ ባዶ ይሆናል።

ጀማሪዋ

ጋሼ፣ በዚህ ላይ እኔም አለሁ። አምና ከአያት ሰፈር በባቡር መጣሁ። ቆሜ። ስታዲየም ወርጄ በእግሬ። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ተሸንፌ ያንኑ ባቡር ጠበቅሁ። ተጫውቼ ሳይሆን ተመላልሼ ነው የዋልኩት።

ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ሁሉም ያንኑ ካርታ የሚጫወተው እንዴት ነው? ካርታው አንዴ ከተጫወተ ተቀላቀለ አይደል?

ጡረተኛው ሒሳብ ሹም

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እህቴ። አይቀላቀልም። በኛ በረንዳ ካርታ መሃል ላይ ይወረወራል። በዱፕሊኬት ግን የጣልሽውን ካርታ እዚያው ከፊትሽ ትደፊዋለሽ። ትሪኩን ከወሰዳችሁ ካርታዋን ወደ ተጣማሪሽ አቁመሽ ታስቀምጫታለሽ፤ ከተወሰደባችሁ ወደ ጎን ታጋድሚያታለሽ። እጁ ሲያልቅ የቆሙትን ትቆጥሪያለሽ። ከዚያ 13 ካርታሽን ሰብስበሽ አራት ኪስ ባለው መያዣ ውስጥ በራስሽ ኪስ ትከችያለሽ። ሰሜን፣ ደቡብ፣ ምሥራቅ፣ ምዕራብ ተብሎ ተጽፎበታል። መያዣው ቦርድ ይባላል። ቦርዱ ወደ ሚቀጥለው ጠረጴዛ ይሄዳል። አንቺ የያዝሽውን እጅ እዚያ አንቺ ቦታ የተቀመጠው ሰው ይይዘዋል።

ሰሜንና ደቡብ ባሉበት ይቀመጣሉ። ምሥራቅና ምዕራብ በየዙሩ አንድ ጠረጴዛ ወደ ላይ ይወጣሉ። ቦርዶቹ አንድ ጠረጴዛ ወደ ታች ይወርዳሉ። ዘዴው ሚቸል የሚባል ሰው ያወጣው ነው፤ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ አለ። 7 ጠረጴዛ ደግሞ ለዚህ ተብሎ የተፈጠረ ቁጥር ነው፤ ማንም ጠረጴዛ መዝለል አያስፈልገውም። በየጠረጴዛው 3 ቦርድ፣ 7 ዙር፣ በጠቅላላ 21 ቦርድ። ለአንድ ቦርድ 7 ደቂቃ ተኩል ስጪው። ሦስት ሰዓት አይሞላም። ሁላችንም ከ8 ሰዓት እስከ መጨረሻው ተቀምጠን እንጫወታለን።

የካዛንቺስ ልጅ

ቆይ ቆይ። ሰሜንና ደቡብ ካልተነሱ እኔ ሰሜን ተቀምጬ ከሌላው ሰሜን ጋር መቼ እገናኛለሁ?

ጡረተኛው ሒሳብ ሹም

አትገናኝም። ግን ያንኑ ካርታ ይዛችኋልና ውጤታችሁ ይነጻጸራል።

የካዛንቺስ ልጅ

ስለዚህ ከሰሜንና ደቡብ አንድ አንደኛ፣ ከምሥራቅና ምዕራብ ሌላ አንደኛ። ሁለት ዋንጫ! ሁለት አሸናፊ ያለው ውድድር የሰርግ ዘፈን ነው፤ ሙሽራውም ሙሽሪትም ይወደሳሉ።

አራት ኪሎ

ይቺ ሳቅ አስነስታብኛለች፤ ግን መላ አላት። በመጨረሻው ዙር ቦርዱን አዙሮ ማስቀመጥ ነው። ሰሜንና ደቡብ የነበሩት የምሥራቅና የምዕራብን ካርታ ይጫወታሉ። ከዚያ ሁሉም በአንድ ሰንጠረዥ ይደረደራል፤ አንድ አሸናፊ ይኖራል።

የኔ ጠብ ከነጥቡ ጋር ነው። ጋሼ ያሉት በጥንድ ዱፕሊኬት ነጥብ የሚሰጠው ስንቱን በለጥክ ተብሎ ነው። በበለጥከው ጥንድ ልክ 2፣ እኩል ከሆናችሁ 1። በምን ያህል በለጥክ አይባልም። አንድ ቦርድ ላሳያችሁ።

7 ሰሜን-ደቡብ ጥንዶች ያንኑ እጅ ያዙ እንበል። አምስቱ 4 ልብ ተጫውተው (ከ6 በላይ 4 ትሪክ፣ ልብ ገዢ ሆና ማለት ነው) 10 ትሪክ ወሰዱ፤ 420 ነው። አንዱ 3 ኖትራምፕ፣ ማለትም ያለ ገዢ፣ ተጫውቶ እሱም 10 ትሪክ ወሰደ፤ 430። ሰባተኛው አልተሳካለትም፤ 50 ከሰረ። የ430ው ጥንድ ከ12 ነጥብ 12 ይወስዳል። አምስቱ እያንዳንዳቸው 6። በ10 ነጥብ ልዩነት ግማሹን ነጥብ አጣህ! ከተጣማሪህ ጋር ስምንት ልብ ይዘህ ልብ መጫወት ምን ጥፋት አለው?

በቡድን ሲሆን ግን እንዲህ አይደለም። አራት ሰው አንድ ቡድን ነው። ሁለቱ በአንዱ ጠረጴዛ ሰሜን-ደቡብ፣ ሁለቱ በሌላው ምሥራቅ-ምዕራብ ይቀመጣሉ። ያው ቦርድ በሁለቱም ጠረጴዛ ይጫወታል፤ ልዩነቱ ብቻ በሰንጠረዥ ወደ ነጥብ ይቀየራል። የ10 ልዩነት ዜሮ ነው። አንዱ 6 ልብ ብሎ ቢወስድና ሌላው 4 ላይ ቆሞ 12 ትሪክ ቢወስድ ግን 980 እና 480 ነው፤ 500 ይበላለጣሉ፣ 11 ነጥብ ያስገኛል። ትልቁን ነገር ያከብራል። 28 ሰው 7 ቡድን ይሆናል። ጥሎ ማለፍም ይቻላል፣ ካርታውም አንድ ነው።

የካዛንቺስ ልጅ

ይኸው! ተባረክ። ጥሎ ማለፍ በለው!

ጡረተኛው ሒሳብ ሹም

7 ቡድን አሁንም ጎዶሎ ነው። አንዱ ቡድን ቡና እየጠጣ ያልፋል፤ በመጀመሪያው ዙር ሦስት ቡድን፣ 12 ሰው ይሰናበታል። የአያት ሰፈሯ ልጅ ተመልሳ ባቡር ላይ ቆመች ማለት ነው።

ስለ 10ሯ ነጥብ ግን ልክ ነህ፣ አታላይ ነገር ናት። እኔ ግን የምወዳት ለዚህ ነው። ሁሉም የሚያየውን ሁሉም ይጫወተዋል። አንዲት ትርፍ ትሪክ ለማግኘት ሦስት ደቂቃ ማሰብ፣ እሱ ነው ጨዋታው። ሒሳብ ቤት 35 ዓመት ስሠራ 10 ብር ጎደለ ብለን ሌሊት ያደርንበት ቀን አለ።

«የድሮው ሕግ» ለሚለው ደግሞ፣ ብሪጅ የድሮ ሕግ የለውም። ዛሬ የምንጫወተውን አቆጣጠር ያወጣው ቫንደርቢልት የሚባል አሜሪካዊ ሀብታም ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ1925 በፓናማ ቦይ በመርከብ ሲያልፍ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ሞከረው። ከዚያ በፊት የነበረውን ገፍቶ ጣለው። ስለዚህ አሁን እኛ ብንቀይር ማን ይታዘበናል?

እትዬ ቡና

እናንተ ልጆች ስለ ነጥብ ትከራከራላችሁ። እኔ ከጠረጴዛው ላይ የማየውን ልንገራችሁ። የኛ ችግር ምልክት ነው።

ጨረታ ላይ መናገር የሚፈቀደው የጨረታው ቃል ብቻ አይደለም ወይ? እኛ ግን እንዴት ነው የምንለው? አንዱ «አንድ ስፔድ» ይላል ፈርጠም ብሎ። ሌላው «እ... ሺ... አንድ ስፔድ በቃ» ይላል። ልዩነቱን ተጣማሪው ሰምቷል። ይሄ ሦስት ካርታ ከማሳየት በምን ይለያል? ከሁሉ የባሰው ደግሞ ያቺ ትንፋሽ ወደ ውስጥ የሚሳብባት «እ» ናት። ተጣማሪው ጥሩ ነገር ሲል ሳያውቁት ትወጣለች። ሐበሻ ሆኖ እሷን መከልከል አይቻልም! እኔ ራሴ አምና ሁለቴ ተያዝኩባት። ከባሌ ጋር ስጫወት ደግሞ ዝምታውም ያወራል።

ስለዚህ የምለው፦ ጨረታው በጽሑፍ ይሁን። ሌላ አገር ሳጥን ውስጥ ያለ ካርድ አውጥተው ያስቀምጣሉ። እኛ ወረቀት መሃል ላይ አድርገን በተራ እንጻፍ። ስልክ ከቦርሳ አይውጣ። ባልና ሚስትም በዕጣ ይለያዩ።

ደግሞ «እኛ እርስ በርስ እንተማመናለን» የሚል እንዳይመጣ። እንደ ፈረንጆቹ በ1975 ቤርሙዳ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ተጣማሪዎች ፊት ለፊት እንዳይተያዩ መከለያ ተደረገ። በዚያው ውድድር አንድ ጥንድ በጠረጴዛ ስር በእግር ይጠቋቆማል ተብሎ ተከሰሰ። ከታችም መከለል ግድ ሆነ። ለዓለም ሻምፒዮናው እንዲህ ከሆነ ለኛ ምን ይባላል?

ጀማሪዋ

እትዬ፣ ጨረታው በጽሑፍ ይሁን የሚለው ይመቸኛል። በጽሑፍ ሲሆን ድምፄም አይንቀጠቀጥም።

እኔም አንድ ልጨምር። ሰዎች 2 አበባ ይላሉ፤ አበባ ግን የላቸውም። «አራት ካርታ ያለህ ልብ ወይም ስፔድ አለህ?» ማለታቸው ነው። ለተጣማሪያቸው ይገባዋል፤ እኔ ግን አበባ መስሎኝ አበባ እመራለሁ። እንዲህ ያለውን ስምምነት መከልከል አልፈልግም። ግን ትርጉሙን ሁሉም በግማሽ ገጽ ጽፎ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጥ፤ ስጠይቅም ይነገረኝ። የማላውቀው ቋንቋ እየተወራብኝ አልሸነፍ።

በዕጣ መለያየቱን ግን አልስማማም። ከእህቴ ጋር ሦስት ወር ተለማምደናል።

እትዬ ቡና

እሺ፣ እህትማማቾች ይቅሩ። ባለትዳሮች ግን... ኸረ እሱም ይቅር፤ ቤት ገብቼ መልስ የምሰጠው እኔ ነኝ።

የካዛንቺስ ልጅ

በቃ፣ በጽሑፉ ተስማምቻለሁ፤ የእትዬን «እ» መስማት ባቆም ይሻለኛል። ግን ፍጻሜ ስጡኝ! 21 ቦርድ ካለቀ በኋላ ሰዓት ይተርፋል ብላችኋል። ከፍተኛ ነጥብ ያላቸው ሁለት ጥንዶች መሃል ላይ ይቀመጡና 4 ቦርድ ይጫወቱ። እኛ ከበን እንይ። ጩኸቱ ካልተፈቀደ አልመጣም።

አራት ኪሎ

ለ4 ቦርድማ ዕድል ይበዛበታል። ጋሼ ያርቦሮ ቢደርስባቸውስ?

ጡረተኛው ሒሳብ ሹም

ይድረስብኝ። ቢያንስ ያን ጊዜ አዳራሹ ውስጥ ነኝ።

ሰብሳቢው

ቅዳሜ ማታ ተቆጥሯል። ዱፕሊኬት 17፣ ጥሎ ማለፍ 8፣ ሦስቱ «እንደተስማማችሁ» ብለዋል። ጨረታ በወረቀት፤ የስምምነት ግማሽ ገጽ ግዴታ ነው። ተጣማሪ በምርጫ። የመጨረሻው ዙር ቦርዱ ይዞራል። ፍጻሜው በ4 ቦርድ ይሆናል፤ ዋንጫው ግን በ21ዱ ቦርድ አንደኛ ለወጣው ነው። የፍጻሜው ተሸናፊ ሲኒ ያጥባል። በዚህ የካዛንቺስ ልጅ ተስማምቷል፤ ደስ ብሎት ባይሆንም።

የቀረው ሥራ ቦርድ ነው። ገዝተን አንችልም፤ ከጫማ ካርቶን እንሠራዋለን። ጋሼ ልኩን ቆርጠው አሳይተውኛል። 21 ያስፈልጋል፣ እስካሁን 6 አለን። 21 ጥቅል ካርታም እንዲሁ፤ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፣ ግን ቁጠሩት። አምና አንዱ ጥቅል 51 ሆኖ ተገኝቶ ነበር። የልብ ሰባት ናት የጎደለችው። ያገኛት ካለ ይመልስ።