«የጥጋብ ፊልም» ስትሉ የማን ጥጋብ ነው?

ሰብለ ከሊዮን፦ ትናንት ስለ ፈረንሳዊው የፊልም አዘጋጅ ክሎድ ሻብሮል ፊልም፣ ስለ «ላ ሴሬሞኒ»፣ ሁለት መስመር ጣል አድርጌ ነበር። ባላምባራሱ ሥሩ የጻፈውን ላላያችሁ ልድገመው። «የፈረንሳይ ፊልም ማለት ሴት ወይ የምትደፈርበት፣ ወይ ያለ ምክንያት ሰው የምትገድልበት ነው። ነጭ ሲጠግብ የሚሠራው፣ የጥጋብ ፊልም።» ሌሊቱን ሙሉ ሲያንገበግበኝ አደረ። ፊልሙ ላይ ከጓደኛዋ ጋር ሆና አሠሪዎቿን የምትገድለው ሶፊ እኮ የሰው ቤት ሠራተኛ ናት። ማንበብ አትችልም። እሷ ናት የጠገበችው?

ባላምባራሱ፦ እኔ ደህና ተኝቼ አደርኩ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ጥጋብ ያልኩት የሠሪውን ነው እንጂ የሠራተኛዋን አይደለም። ጋስፓር ኖዌ በ2002 (እ.ኤ.አ.) ካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ ያቀረበውን «ኢሬቨርሲብል» አስታውሺ። ሞኒካ ቤሉቺ የምትደፈርበት ትዕይንት ዘጠኝ ደቂቃ ገደማ ነው። ካሜራው መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ንቅንቅ አይልም። ስንቱ አዳራሹን ጥሎ ወጣ! ከዚያ ሁሉ በኋላ ምን አለን? «ጊዜ ሁሉን ያጠፋል።» ይኼንንማ አያቴም ታውቀዋለች። ዘጠኝ ደቂቃ ሳታሰቃየኝ ትነግረኝ ነበር።

ፊልም አሳዳጅ፦ ኖዌንና ሻብሮልን በአንድ ድስት አትቀቅል። ጄምስ ኳንት የሚባል ሃያሲ በ2004 «አዲሱ የፈረንሳይ ጽንፈኝነት» ብሎ ያማረረው በእነ ኖዌ፣ በእነ ብሬያ፣ በእነ ዱሞን ደምና ወሲብ የበዛበት ፊልም ነው። «ላ ሴሬሞኒ» የ1995 ፊልም ነው። ጥይቱ የሚተኮሰው ሊያልቅ ሲል ነው። እስከዚያ የምታየው ሳህን ሲነሳ፣ ሻይ ሲቀርብ፣ ቲቪ ሲታይ ነው።

ቀበና 12፦ ግን ግንኙነት አላቸው። «ላ ሴሬሞኒ» ላይ የቤቱ አባወራ ሆኖ የሚሠራው ዣን ፒዬር ካሴል የቬንሳን ካሴል አባት ነው። ቬንሳን ደግሞ «ኢሬቨርሲብል» ላይ የቤሉቺ ፍቅረኛ ነው።

ፊልም አሳዳጅ፦ ማን ጠየቀህ?

ባላምባራሱ፦ እሺ ቀስ ብሎ ይተኩስ። ማንን ነው የተኮሱት? አባት፣ እናት፣ ሴት ልጅ፣ ወንድ ልጅ። አራት ሰው፣ ኦፔራውን «ዶን ጆቫኒ»ን በቲቪ ሊያይ የተቀመጠ። ምን አደረጉ? ክፍል ሰጧት፣ ቲቪ ሰጧት፣ መነጽር የለኝም ስትል ሐኪም ጋ እንላክሽ አሏት። እንግዲህ በአማርኛ ለዚህ ቃል አለን። በበላበት ወጪት ሰባሪ ይባላል።

እቴ ሜቴ፦ ወጪቱን ማን ነበር የሚያጥበው?

ሰብለ ከሊዮን፦ እቴ ሜቴ ቡና በእኔ ሒሳብ!

ባላምባራሱ፦ ቀልድ መልስ አይደለም።

እቴ ሜቴ፦ ቀልድ ማን አለህ? ወጪት ሰባሪ የሚባለው እንግዳ ነው፤ ቀርቦለት የበላ። ሠራተኛ ቀርቦላት አልበላችም። ራሷ ሠርታ፣ ራሷ አቅርባ፣ የተረፈውን ጓዳ ገብታ ነው የበላችው።

ቀበና 12፦ ነገሩ ደግሞ ጨርሶ ከባዶ የመጣ አይደለም። በ1933 ለ ማን የምትባል ከተማ ክሪስቲንና ሌያ ፓፓን የሚባሉ እህትማማች ሠራተኞች እመቤታቸውንና ልጇን ገድለዋል። ፈረንሳይ እስከዛሬ ትከራከርበታለች። የፊልሙ ታሪክ ግን በቀጥታ የተወሰደው ከሩት ሬንዴል ልብ ወለድ ነው፤ እንግሊዛዊት ናት።

ባላምባራሱ፦ ይኸው፣ ታሪኩም የእነሱ አይደለም።

ሰብለ ከሊዮን፦ እና አሁን የእንግሊዝ ጥጋብ ሆነ ማለት ነው?

ናፍቆት፦ ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። እኔ ቤይሩት ሦስት ዓመት ሰው ቤት ሠርቻለሁ። ዐረብኛ እንደ ሰው አወራ ነበር፤ ማንበብ ግን ወፍ የለም። ማዳም የሚገዛውን ጽፋ ፍሪጁ ላይ ትለጥፋለች። ወረቀቱን ይዤ ወርጄ ለሕንፃው ጥበቃ አሳየዋለሁ፣ እሱ ያነብልኛል። አንድ ቀን እሱ አልነበረም። በግምት ገዛሁ። ዱቄት የተባልኩትን ስታርች ይዤ ገባሁ። ማዳም አልጮኸችብኝም። ሳቀች። ማታ እንግዶች ሲመጡ ደግማ አወራችው፣ እኔ ቡናውን እያቀረብኩ። እነሱም ሳቁ። መጥፎ ሰዎች አልነበሩም፤ ልደቴን አክብረውልኛል። ሶፊ ወረቀቱን ይዛ ክፍሏ ገብታ ስትታገል ሳይ ፊልሙን አቁሜ ውሃ ጠጣሁ። እኔ ማንንም አልገደልኩም። መግደሉንም አልወደድኩትም። «ያለ ምክንያት» የሚለውን ግን አንሱልኝ።

ሰብለ ከሊዮን፦ ናፍቆትዬ፣ እግዜር ይስጥሽ።

ባላምባራሱ፦ እህቴ ናፍቆት፣ ያንቺን አከብራለሁ። ግን አየሽ፣ ያንቺ ታሪክ ሰው አልሞተበትም፤ ለዚህም ነው የሚነካው። ሻብሮል ግን አራት ሬሳ ካላስተኛ ቁም ነገር አልመስል ይለዋል። ሲቀልድ ደግሞ «የመጨረሻው የማርክሲስት ፊልም» ይለው ነበር። ማርክሲዝም! እሱን እኛ በፊልም ሳይሆን በቀበሌ ነው ያየነው።

ፊልም አሳዳጅ፦ ደርግን እዚህ ማን አመጣው?

ባላምባራሱ፦ «ጌቶችን ማስወገድ ፍትሕ ነው» የሚል ሁሉ ያመጣዋል።

ፊልም አሳዳጅ፦ ፍትሕ ነው ያለ አለ? ፊልሙ አይልም። ሶፊና ጓደኛዋ ሲገናኙ አንደኛዋ አባቷን በእሳት፣ ሌላዋ ልጇን በመግደል ተጠርጥረው «ማስረጃ አልተገኘም» የተባለላቸው ናቸው። ይኼንን እየተነጋገሩ ሲንከተከቱ ያሳይሃል። ጠበቃ የሆነላቸው ፊልም እንዲህ ያደርጋል? ጥጋብ የማይሸት ከፈለግህ የኡስማን ሴምቤንን «ላ ኑዋር ደ…» እይ፣ 1966። ከዳካር ፈረንሳይ አገር አንቲብ የመጣችው ሠራተኛ ዲዋና ቢላውን በራሷ ላይ ነው ያዞረችው፣ አሠሪዎቿ መታጠቢያ ክፍል ውስጥ።

ባላምባራሱ፦ እሱማ ሴኔጋላዊ ነው! የኔንም ነገር አጸደቅህልኝ። የተራበ ሲሠራው እንዲያ ይሆናል።

ሰብለ ከሊዮን፦ ስለዚህ ሠራተኛዋ ራሷን ከገደለች ጥሩ ፊልም፣ ሌላ ከገደለች ጥጋብ?

ባላምባራሱ፦ አላልኩም።

ሰብለ ከሊዮን፦ ብለሃል፣ ከፍ ብለህ አንብበው።

እቴ ሜቴ፦ «ሴት ወይ ትደፈራለች ወይ ትገድላለች» ያልከውን ደግሞ አልረሳሁትም። የአኜስ ቫርዳ «ሳን ትዋ ኒ ልዋ»ን አይተሃል? ሞና የምትባል መንገደኛ በብርድ ደርቃ ቦይ ውስጥ ስትገኝ ነው የሚጀምረው። ማንንም አትገድልም። ማንንም አታመሰግንም፣ ነገሩ ያ ነው። የምትሠራው ሳንድሪን ቦኔር ናት፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ሶፊ የሆነችው። ሁለቱን ተከታትለህ ስታይ አንዲት ሴት በሩ ላይ ቆማ ቀርታ፣ ሌላ ቀን ገብታ የመጣች ይመስላል።

ባላምባራሱ፦ አሪፍ ቅኔ። ግን የፈረንሳይ መንግሥት ራሱ በ2000 የቪርዢኒ ዴፓንትን ፊልም «ቤዝ ሙዋ»ን ከሲኒማ አላወረደም? እሱም ሁለት ሴቶች እየዞሩ ሰው የሚገድሉበት ነው። እነሱ የጠሉትን እኛ እናጨብጭብ?

ሰብለ ከሊዮን፦ በትክክል ተናገር። ከ16 ዓመት በላይ ላለ እንዲታይ የተሰጠውን ፈቃድ የመንግሥት ምክር ቤቱ፣ ማለት ከፍተኛው የአስተዳደር ፍርድ ቤት፣ ሰረዘው፣ አንድ ማኅበር ከሶ። ያኔ «ከ18 በላይ» የሚባል ደረጃ አልነበረም፤ ስለዚህ ያለው ምርጫ የወሲብ ፊልም መደብ ብቻ ሆነ። የሲኒማ ሰዎች ተቆጡ። በ2001 የ18 ደረጃው ተመለሰ። አዘጋጆቹ ሁለት ሴቶች መሆናቸውን ደግሞ ዘለልካት።

ባላምባራሱ፦ ሴት ብትሠራውም ደም ደም ነው።

ቀበና 12፦ አነባበቡ «ዴፓንት» ነው «ዴስፓንት»?

ፊልም አሳዳጅ፦ ቀበና፣ በናትህ!

ናፍቆት፦ አንድ ነገር ልጠይቅ። ተኩሱ ሲጀምር አጥፍቼው ነበር። ሶፊ መጨረሻ ላይ ተያዘች?

ሰብለ ከሊዮን፦ አይታይም። ጓደኛዋ በመኪና አደጋ ሞተች፤ ሶፊ በጨለማው መንገድ ብቻዋን ስትሄድ ያልቃል።

ፊልም አሳዳጅ፦ ይይዟታል እንጂ! የቤቱ ሴት ልጅ ኦፔራውን ስትቀዳ የነበረበት ቴፕ ፖሊስ እጅ ገብቷል። የተኩሱ ድምፅ አለበት።

ሰብለ ከሊዮን፦ መያዟን አላየህም። ከራስህ አትጨምር።

ናፍቆት፦ ደሞዟን ሳትቀበል ሄደች ማለት ነው።

ባላምባራሱ፦ እኔ አሁንም ጥጋብ ነው እላለሁ።

እቴ ሜቴ፦ እሺ፣ ወጪቱን እጠብና ና።