ሦስት አጥቢያ፣ አንድ የጌታ ማዕድ፦ የጋራ ቁርባንና የመዝሙር ምሽት እንዴት ይዘጋጅ?

አስተባባሪ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለእናንተ ይሁን ወገኖች። አውሮፓ ውስጥ በአንድ ከተማ ያሉ ሦስት የሐበሻ አጥቢያዎች፣ ሕፃናትን ከምታጠምቀው ከሉተራኗ መካነ ኢየሱስ፣ አምኖ የመጣውን ብቻ ከሚያጠምቁት ከቃለ ሕይወትና ከመሠረተ ክርስቶስ የመጡ፣ በስቅለት ዓርብ ማታ አብረው ሊዘምሩና ከአንድ ማዕድ ሊካፈሉ ተስማምተዋል። 250 ሰው ይጠበቃል፤ የተከራየነው አዳራሽ ለሁለት ሰዓት ብቻ ነው። ያልቋጨናቸው ጉዳዮች አሉ። ማን ይባርክ? ወይን ይሁን ጭማቂ? በሕፃንነቱ የተጠመቀውና አምኖ የተጠመቀው አብረው ይቀርባሉ ወይ? መዝሙሩስ እንዴት ይመረጥ?

የነገረ መለኮት መምህር፦
ጸጋ ይብዛላችሁ። ከሁሉ በፊት በጽሑፍ ተስማሙ። ጀርመን ውስጥ ሄርንሁት በምትባል መንደር ለእምነታቸው ከሞራቪያ የተሰደዱ ሰዎች፣ ሉተራኖችና ሪፎርምዶች (የዝዊንግሊና የካልቪን ወገኖች) አብረው እየኖሩ ክፉኛ ይጨቃጨቁ ነበር። እ.ኤ.አ. ሜይ 12 ቀን 1727 የወንድማማችነት ስምምነት ፈረሙ፤ በበርትልስዶርፍ ቤተ ክርስቲያን ልባቸው አንድ ሆኖ ቁርባን የተቀበሉት ከዚያ በኋላ፣ ኦገስት 13 ነው። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ።

ስለ ማዕዱ ትርጉም ግን አትከራከሩ። የተሐድሶ መሪዎቹ፣ የጀርመኑ ሉተርና የስዊሱ ዝዊንግሊ፣ እ.ኤ.አ. በ1529 ማርቡርግ ከተማ ላይ በ14 አንቀጽ ተስማምተው፣ በ15ኛው የተለያዩት ክርስቶስ በኅብስቱና በወይኑ በአካል መገኘቱ ላይ ነበር። የአውሮፓ ሉተራንና ሪፎርምድ አብያተ ክርስቲያናት በሎይንበርግ ስምምነት አንዱ ለሌላው ማዕዱን የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። እናንተም በአንድ ምሽት አትጨርሱትም። 1ኛ ቆሮንቶስ 11፥23-26 እንዳለ ይነበብ፤ ማንም «ይህ መታሰቢያ ብቻ ነው» ወይም «ይህ ሥጋው ራሱ ነው» ብሎ አይጨምርበት። ነገሩ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው፦ አገልጋዩ ልቡ ሲነካ ከራሱ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨምራል፣ ግማሹ ጉባኤ ይሳቀቃል። ስለዚህ ቃሉን አትማችሁ በእጁ ስጡት።

መካነ ኢየሱሶች ማዕዱን ቄስ እንዲባርክ ስለሚጠብቁ የጌታን ቃል ቄሱ ያንብብ፤ በኅብስቱ ላይ የቃለ ሕይወቱ፣ በጽዋው ላይ የመሠረተ ክርስቶሱ አገልጋይ ያመስግን። ለጥምቀቱ ጥያቄ ጥሪውን እንዲህ አድርጉት፦ «በአብ፣ በወልድና በመንፈስ ቅዱስ ስም የተጠመቃችሁ፣ በአጥቢያችሁም የጌታን እራት የምትወስዱ ሁሉ ኑ።» እንዲህ ሲሆን አንዱ አጥቢያ በሌላው ጥምቀት ላይ ፈራጅ አይሆንም። ገና የማይወስዱ ልጆች እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ይምጡ፣ ይባረኩ።

ዲያቆኒት፦
ሁለት ዓይነት ጽዋ አታቅርቡ፤ ሰው በትሪ መለየት ይጀምራል። ከመጠጥ ሱስ የተላቀቁ ወገኖችም ስላሉ ለሁሉም አልኮል የሌለው ይሁን። በትንሿ ጽዋ 10 ሚሊ ሊትር ይበቃል፤ እስከ አፏ ከሞላችሁ ይፈሳል። ለ250 ሰው መጠባበቂያውን ጨምሮ 280 ጽዋ፣ ማለት 40 የሚይዙ 7 ትሪዎችና 3 ሊትር ጭማቂ አዘጋጁ።

ከዘቢብ የምታዘጋጁ ከሆነ 1.5 ኪሎ ዘቢብ በሞቀ ውኃ በደንብ እጠቡ። የሱቅ ዘቢብ ብዙ ጊዜ ዘይት ይቀባል፣ ካልታጠበ ጽዋው ላይ ይንሳፈፋል። በ4 ሊትር ውኃ ይደር፣ ጠዋት ለ20 ደቂቃ በለስላሳ እሳት ይፍላ፣ በንጹሕ ጨርቅ ተጨምቆ ይጠለል። ከዋዜማው ቀድማችሁ አትሥሩት፤ ማቀዝቀዣ ውስጥም ይቀመጥ፣ ውጭ ከዋለ ይቦካል።

ለቂጣው 500 ግራም የስንዴ ዱቄት፣ 260 ሚሊ ሊትር ውኃ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይትና ቆንጠር ያለ ጨው፣ ያለ እርሾ። ግማሽ ሳንቲ ሜትር አድርጋችሁ ዳምጡት፣ ሳይጋገር በቢላ በ2 ሳንቲ ሜትር ካሬ ምልክት አድርጉበት፤ ከ300 ቁራሽ በላይ ይወጣዋል። ዘይቱን አትቀንሱ፤ ቂጣው ከደረቀ ይፈረፈራል፣ ፍርፋሪ ወለል ላይ ሲረገጥ ማየት ለብዙ ሉተራን ምእመን ያማል። በተረፈውም ነገር ተጠንቀቁ፦ ማጠቢያ ውስጥ አይፈሰስ፣ ቆሻሻ ውስጥ አይጣል። ሦስት ሰው መድባችሁ እዚያው ይጨርሱት። ስንዴ ለማይስማማው ሰው የሩዝ ቂጣ በሌላ ሳህን ለብቻው ይቀመጥ።

ኪቦርድ ተጫዋች፦
እያንዳንዱ አጥቢያ ምእመኑ በቃሉ የሚያውቃቸውን 10 መዝሙሮች ይላክ፤ ቢያንስ በሁለት ዝርዝር ላይ ያለውን ውሰዱ። የተተረጎሙት የቆዩ መዝሙሮች ከመጽሐፍ መጽሐፍ ቃላቸው ይለያያል፣ ሁለተኛው መስመር ላይ ጉባኤው ይጋጫል። አንዱን ምረጡና በስክሪን አሳዩ።

ኪዩን (የመዝሙሩን የድምፅ ከፍታ) ከካሴቱ ዝቅ አድርጉት፣ እሱ ለሶሎ ዘማሪ የተቀዳ ነው። ከፍተኛው ድምፅ ከዲ (ሬ) አይለፍ። በትዝታ ሜጀር ቅኝት ያለ መዝሙር ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) በቀላሉ ይቀበላል። የአንቺሆዬ ቅኝት ግን ከመነሻው አምስተኛው ድምፅ ስለሌለበት የተለመደው ኮርድ ይጣላዋል፤ በአንድ ድምፅ፣ በክራርና በከበሮ ዘምሩት፣ ያምራል።

እደላው ላይ አንድ ጣቢያ በደቂቃ 10 ሰው ያህል ያስተናግዳል። በሁለት ጣቢያ 13 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ሦስት መዝሙር ሳይቋረጥ ይበቃል። ሰው ስክሪን እያየ ስለማይሄድ አዝማቻቸው አጭር ይሁን። ማይክ ለአንድ መሪ ብቻ ስጡ፤ ሦስት መሪ ሦስት ማይክ ከያዘ ሕዝቡ ዝም ብሎ አድማጭ ይሆናል።

አስተባባሪ፦
ተባረኩ! ኦርቶዶክስ ዘመዶቻችንም እንመጣለን ብለዋል። እነሱንስ እንዴት እናስተናግድ?

የነገረ መለኮት መምህር፦
ወደ ማዕዱ አትጋብዟቸው፣ ያስጨንቃቸዋል። ለእነሱ ቁርባን ንስሐ፣ 18 ሰዓት ጾምና ቅዳሴ ያለበት ነው፤ የሚካፈሉትም እንደ ግብፅ፣ ሶርያ፣ አርመንና ሕንድ ካሉ እኅት አብያተ ክርስቲያናት ጋር ነው። ስቅለት ደግሞ ቀኑን ሙሉ በስግደት የሚውሉበት በመሆኑ ደክመው ነው የሚመጡት፤ ከፊት ሳይሆን መውጫው አጠገብ ወንበር ያዙላቸው። ሙሉ በሙሉ የሚካፈሉበት የዳዊት መዝሙር ነው። «አምላኬ፣ አምላኬ፣ ለምን ተውኸኝ» የሚለውን ከጥሪው በፊት ሁሉም በአንድ ድምፅ ያንብበው። ቁጥሩ በእነሱ ዳዊት 21፣ በእናንተ 22 ስለሆነ ሙሉ ቃሉን አትማችሁ በር ላይ አድሉ።