ለነገ ያዘጋጀሁት ምዕራፍ በተማሪዎቹ መጽሐፍ ውስጥ የለም

ጠያቂ (ባሕር ዳር)፦
የተከበራችሁ አባላት፣ ነገ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለዘጠነኛና ለዐሥረኛ ክፍል ካቶሊካውያን ተማሪዎቻችን ስለ ሙታን የሚደረገውን ጸሎት ከሁለተኛው መጽሐፈ መቃብያን ምዕራፍ 12 ላስተምር ሦስት ሳምንት ተዘጋጅቼ፣ የመጣልንን የመጽሐፍ ቅዱስ ካርቶን ዛሬ ማምሻውን ብከፍተው ሁሉም ባለ 66 መጻሕፍት ሆኖ አገኘሁት። መቃብያን የለም። ትምህርቱ በሙሉ በዚያ ምዕራፍ ላይ የቆመ ነውና እባካችሁ ፈጥናችሁ አንድ መላ በሉኝ።

ጮቄ፦
ምዕራፉን ፎቶ ኮፒ አድርገው ያድሏቸው።

የቀድሞ መምህር፦
ወንድሜ፣ ታሪኩን ቢያስታውሱ ኖሮ ካርቶኑ ባላስደነገጠዎ ነበር። ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን 46 የብሉይና 27 የሐዲስ፣ በድምሩ 73 መጻሕፍት ትቀበላለች፤ የትሬንት ጉባኤም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1546 ይህንኑ በውሳኔ አጽንቶታል። ሉተር በ1534 ባሳተመው የጀርመንኛ መጽሐፍ ቅዱስ እነ መቃብያንን ለይቶ በሁለቱ ኪዳናት መካከል አኖራቸው እንጂ አላወጣቸውም ነበር። የብሪታንያና የውጭ አገር መጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ግን በ1826 እነዚህን መጻሕፍት ላለማሳተም ወሰነ፤ ባለ 66ቱ በዓለም ዙሪያ እንዲህ ሊበዛ የቻለበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የዳሞት ልጅ፦
መምህር፣ ትምህርትዎ መልካም ነው፤ ነገር ግን እስከ ነገ ጠዋት አንድ መጽሐፍ እንኳ አይወልድም። ከኦርቶዶክስ ጎረቤትዎ ባለ 81ዱን ይዋሱ፤ መቃብያን እዚያ አለ።

ወለተ ጊዮርጊስ፦
እባክዎ ይህን አያድርጉ። በባለ 81ዱ ውስጥ ያሉት ሦስቱ መጻሕፍተ መቃብያን በስም ይመሳሰሉ እንጂ ከግሪኩ መቃብያን ፈጽሞ የተለዩ መጻሕፍት ናቸው። ሁለተኛው መቃብያን ምዕራፍ 12ም አለው፤ በተማሪዎች ፊት ከፍተው ማንበብ ሲጀምሩ ግን የአይሁድ ጦር መሪ የነበረውን የይሁዳ መቃቢስን ታሪክ አያገኙም። እኔ ይህን የተማርሁት በክፍል ውስጥ አፍሬ ነው።

ዓባይ ማዶ፦
እኔ በጥያቄው መነሻ አልስማማም። ትምህርቱ ለምን በአንድ ምዕራፍ ላይ ይቆማል? የጎጃም ልጅ ፍትሐት ሲደረግ እያየ፣ የአርባ ቀን ተዝካር እየበላ ያደገ ነው፤ በቅዳሴውም ሙታን ይታሰባሉ። ከዚያ ይጀምሩ። በእጃቸው ባለው ባለ 66 ውስጥም 2ኛ ጢሞቴዎስ 1፥16-18 አለ፤ ጳውሎስ በዚያ ቀን ለሄኔሲፎሩ ምሕረት እንዲሰጠው ይለምናል። ሰላምታውን ለቤተ ሰቡ ብቻ ስለ ላከ ሰውየው ሞቶ ነበር የሚሉ ተርጓሚዎች አሉ፤ ነገር ግን ጥቅሱ በግልጽ ስለማይናገር እንደ ማስረጃ ሳይሆን እንደ መወያያ ያቅርቡት።

የቀድሞ መምህር፦
ተዝካሩ መነሻ ይሁን፤ ሆኖም ካቶሊካውያን ከሞት በኋላ ስለሚሆነው መንጻት የምናስተምረውን የኦርቶዶክስ ወንድሞቻችን እንደማይቀበሉት ሳይነገራቸው አይቅር። አለዚያ ተማሪው ሰኞ ዕለት ከጓደኞቹ ጋር ተከራክሮ ይሸነፋል።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መብራት ከቀትር ጀምሮ ስለሌለ ፎቶ ኮፒ ማድረግ አልተቻለም። ባለ 73ቱ አንድ ቅጂ ብቻ በቆሞሳችን እጅ አለ፤ ተማሪዎቹ ግን 23 ናቸው።

ወለተ ጊዮርጊስ፦
አንድ ቅጂ እያለዎት ነው እንዴት የተጨነቁት? በዋሸራ የቅኔ ተማሪ ከመምህሩ አፍ ተቀብሎ ሊቅ ይሆናል እንጂ መጽሐፍ አይታደለውም። ከቁጥር 38 ጀምረው ቀስ ብለው ሁለት ጊዜ ያንብቡላቸው፤ ከዚያም እነርሱ በቃላቸው ይተርኩት። በቁጥር 40 ላይ ግን ቆም ይበሉ። በጦርነት የወደቁት ሰዎች ከልብሳቸው ሥር የያምንያ ከተማ ጣዖታት ምልክት ተገኝቶባቸዋል። «ክታብ» ብለው ቢያስረዱት ከኋላ ወንበር የተኛው ሳይቀር ይነቃል። መጽሐፉን ዘግተው «ለእነዚህ ሰዎች መጸለይ ይገባል ወይስ አይገባም?» ብለው ይጠይቋቸውና በደንብ ይከራከሩ። ይሁዳ ከሰዎቹ 2,000 የብር ድራክማ ያህል አሰባስቦ ለኃጢአት መሥዋዕት ወደ ኢየሩሳሌም እንደ ላከ የሚናገረውን ቁጥር 43ን ከክርክሩ በኋላ ያንብቡ። አስቀድመው ካነበቡት ክርክሩ ይሞታል።

የዳሞት ልጅ፦
እንግዲህ ለዚህ ክርክር ተዝካር ሳያስፈልገው አይቀርም።

ማኅደር፦
አሁን ገና ማየቴ ነው። ምዕራፉን ፎቶ ኮፒ አድርገው ለምን አያድሏቸውም?

ጮቄ፦
ብዬ ነበር።