የዕቅድ ውይይት፦ ልጆቹ ሜትር ኩብን ገጥመው እንዲያዩት

አስተባባሪዋ፣ ሰኞ ማታ

እንዴት ከረማችሁ፣ የማኅበራችን አባላት። ባለፈው ስብሰባ እንደተስማማነው ለጎንደር ከተማ ትምህርት መምሪያ የምናቀርበው የጋራ ዕቅድ በይዘት ልኬትና በኩብ አሃዶች ልወጣ ላይ ይሆናል፤ ለ5ኛና ለ6ኛ ክፍል። ረቂቁን ከመጻፌ በፊት እያንዳንዳችሁ ክፍል ውስጥ ያያችሁትን አምጡልኝ። የራሴን ላስቀድም።

ባለፈው ዓመት 6ኛ ክፍል ገብቼ «1 ሜትር ኩብ ስንት ሳንቲ ሜትር ኩብ ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። አብዛኞቹ «100» አሉኝ። እነዚሁ ልጆች ርዝመት ሲባዛ በወርድ ሲባዛ በቁመት የሚለውን ሳይሳሳቱ ይሠራሉ። ቀመሩን ይዘውታል፣ ነገሩን ግን አላዩትም። ሁለት ክፍለ ጊዜ ሙሉ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ አንድም ልጅ በእጁ የነካው ኩብ አልነበረምና እንዴት ብለው ያዩታል?

ስለዚህ የዕቅዱ መነሻ እንዲህ ቢሆን እላለሁ፦ ልወጣ ከመማራቸው በፊት ልጆቹ 1 ሜትር ኩብን በቁመናው ይግጠሙት። ከባሕር ዛፍ የተቆረጠ 12 ዘንግ፣ እያንዳንዱ 1 ሜትር። ኩብ 12 ጠርዝ እንዳለው የሚያውቁት ያኔ ነው፤ አስራ ሁለተኛው ዘንግ እስኪታሰር ድረስ ሥራው አይቆምላቸውም።

ከአዘዞ፣ የ5ኛ ክፍል መምህርት

እኔ ጋ ችግሩ ከዚያም ቀድሞ ይጀምራል። 3 በ2 በ2 የሆነ የኩቦች ክምር ስዬ «ስንት ኩብ አለ?» ስላቸው 16 ይሉኛል። መጀመሪያ ከየት እንዳመጡት አልገባኝም ነበር። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ሳያቸው ጣታቸው የሚቆጥረው ፊቶቹን ነው። ከፊት 6፣ ከላይ 6፣ ከጎን 4፣ ድምሩ 16። ኩቦቹ ግን 12 ናቸው። ማዕዘን ላይ ያለውን አንዱን ኩብ ሦስት ጊዜ ይቆጥሩታል፣ ከኋላ የተሸሸገውን ደግሞ ከነጭራሹ አያውቁትም። ልጁ የሚያየውን ነው የቆጠረው፤ በሥዕል ብቻ ካስተማርነው ሌላ ምን ይቁጠር?

መፍትሔ ብዬ በጭቃ ሞከርሁ። ጎናቸው 2 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ኩቦች አሠራኋቸው። ልጆቹ በጣም ደስ አላቸው። ጭቃው ሲደርቅ ግን ተሰነጠቀ፣ ከልኩም ቀነሰ፤ በሦስተኛው ቀን ሁለት ኩብ እኩል አልሆነም። ለዕቅዱ ጭቃን አልመክርም። ከእንጨት ቤት የሚወድቀውን ፍራፊ አንድ አናጺ በልክ ቢቆርጥልን ለዓመታት ያገለግላል። ደግሞ ጎኑ 2 ሳንቲ ሜትር መሆኑ መልካም ነው፤ አንዱ እንጨት 8 ሳንቲ ሜትር ኩብ መሆኑን ራሳቸው እንዲደርሱበት ያደርጋል። ብዙዎቹ 2 ወይም 6 ይላሉ።

ከማራኪ፣ የ6ኛ ክፍል መምህር

ዘንጉን እደግፋለሁ። ግን በባዶ ቀፎ ብቻ ልጁ 1,000 ወይም 1,000,000 የሚለውን አያየውም። መሐሉን የሚሞላ ነገር ያስፈልጋል። እኔ የምሠራው ከካርቶን ነው፤ ውስጡ 10 በ10 በ10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን። ይህ 1 ዴሲ ሜትር ኩብ ነው። ውስጡን በፌስታል እሸፍንና አንድ ልጅ ጠርቼ የአንድ ሊትር ሃይላንድ ውሃ እንዲገለብጥበት አደርጋለሁ። ከአፉ ጋር ልክ ሲሆን ክፍሉ ዝም ይላል። ሊትር ማለት የጠርሙስ ስም ይመስላቸው ነበር፤ ሊትር ሳጥን ሆኖ ሲያዩት ይደነግጣሉ።

አንድ ጥንቃቄ አለው። ካርቶኑ በውሃው ክብደት ወደ ውጭ ያብጣል፤ ያን ጊዜ ከሊትር በላይ ይይዝና ውሃው ከአፉ ዝቅ ብሎ ይቀራል። በአራቱም ጎን ብሎኬት ወይም መጽሐፍ ማስደገፍ ነው። ልኩም ከውስጥ ይወሰድ፤ ከውጭ የለካ ሰው የካርቶኑን ውፍረት ይቆጥራል።

ከቁስቋም፣ የ5ኛ ክፍል መምህር

1,000 ሳጥን ማን ይሠራል? አንድ ክፍል ውስጥ 60 ልጅ ይዤ፣ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ሆኖ።

ከማራኪ፣ የ6ኛ ክፍል መምህር

1,000 አያስፈልግም ወንድሜ። 28 ይበቃል። ከአንድ ማዕዘን ተነስቶ በርዝመቱ 10፣ በወርዱ 10፣ በቁመቱ 10 መደርደር ነው። ማዕዘኑ ላይ ያለው ሳጥን ለሦስቱም ስለሚቆጠር 30 ሳይሆን 28 ይሆናል። ልጆቹ ሦስቱን ረድፍ ካዩ በኋላ «ወለሉን ለመሸፈን ስንት?» ትላላችሁ፤ 100 ይላሉ። «ስንት ወለል ይደራረባል?» 10። እዚያ ላይ 1,000 ከአፋቸው ይወጣል፤ እናንተ አትናገሩት።

ወጪውንም አስቤዋለሁ። አንድ ሳጥን ስድስት ፊት፣ እያንዳንዱ 100 ሳንቲ ሜትር ካሬ፣ በድምሩ 600። 28ቱ 16,800 ሳንቲ ሜትር ካሬ ይሆናሉ፤ ማጣበቂያ እጥፋቱን ጨምረን 2 ሜትር ካሬ ገደማ ካርቶን ማለት ነው። አራዳ ካሉት ሱቆች የሚጣለውን ብንለምን ከበቂ በላይ ነው። ለዕቅዱ ገንዘብ የምንጠይቀው ለሙጫና ለአናጺው ብቻ ይሁን።

ጡረታ የወጡት ጋሼ

ልጆቼ፣ ሥራችሁ ደስ ይላል። እኔ ግን የመሰላሉን ሰንጠረዥ እንዳትጥሉት እሰጋለሁ። ከሳንቲ ሜትር ኩብ ወደ ዴሲ ሜትር ኩብ፣ ከዚያ ወደ ሜትር ኩብ፣ በየደረጃው 1,000 እያልን ስንት ዓመት አስተምረናል። ፈተና ላይ ልጁ ሳጥን ይዞ አይገባም። ፍጥነትም ያስፈልገዋል።

ሌላም ልበል። ከመካከላችሁ አንዱ ባለፈው ስብሰባ በውሃ ፋንታ ጤፍ ወይም ማሽላ እንጠቀም ብሎ ነበር። እህል መሬት ላይ እየተደፋ መማሪያ አይሁን፤ ወላጅም ያዝናል። አሸዋ ይበቃል።

አስተባባሪዋ

ጋሼ፣ ስለ እህሉ ተቀብለናል፤ አሸዋ ብዬ ጽፌዋለሁ። ሰንጠረዡንም አንጥለውም። ቦታው ግን ይለወጥ። መጀመሪያ ሳይሆን አምስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ይምጣ፣ ልጆቹም ራሳቸው ይሳሉት። በርዝመት አንድ ደረጃ ወርደን ከሜትር ወደ ዴሲ ሜትር ስንሄድ በ10 እናባዛለን፤ በይዘት ግን ርዝመቱም ወርዱም ቁመቱም አብረው ስለሚወርዱ አሥር ሦስት ጊዜ ይባዛል። ይህን በእጁ ያደረገ ልጅ ሰንጠረዡ ቢጠፋበት እንኳ ከራሱ ያወጣዋል። በቃል ብቻ የያዘው ግን ሁለቱን ዜሮ ከሦስቱ፣ ሦስቱን ከስድስቱ ሲያምታታ ይገኛል። በጎ ፈቃድዎ ከሆነ ያን ክፍለ ጊዜ እርስዎ ቢጽፉልን።

ጡረታ የወጡት ጋሼ

እሺ፣ እጽፋለሁ። በዚያው ላይ ሚዛን አስገቡበት። 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ይመዝናል ማለት ይቻላል፤ ልጁ በገበያ ሚዛን ሲያየው ሳጥኑም ሊትሩም ኪሎውም ይያያዝለታል። በነገራችን ላይ ከ1901 እስከ 1964 እ.ኤ.አ. ሊትር የሚተረጎመው በ1 ኪሎ ግራም ውሃ ነበር፤ ዛሬ ሊትር ማለት ልክ 1 ዴሲ ሜትር ኩብ ነው። ለመምህሩ ማስታወሻ ይሁን፤ ለልጆቹ አይደለም።

ከአዘዞ፣ የ5ኛ ክፍል መምህርት

ስለ ቃላቱ አንድ ነገር ካልተነጋገርን ሥራው ይበላሻል። «ስፋት» የሚለውን ቃል በሁለት መንገድ እንጠቀምበታለን። አንዴ የወለሉ ስፋት እንላለን፣ በካሬ የሚለካውን። አንዴ ደግሞ የጠረጴዛው ርዝመትና ስፋት እንላለን፣ ወርዱን ማለታችን ነው። እኔ ራሴ በአንድ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ሁለቱንም ብዬ አንዲት ልጅ «የቱን ስፋት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ልክ ነበረች። እንግዲህ በጋራ እንስማማ፦ ለመስመር ልኬት ርዝመት፣ ወርድ፣ ቁመት፤ ለካሬ ብቻ ስፋት፤ ለኩብ ይዘት። ወደ ታች ከሆነ ጥልቀት እንበል፤ ቁመትና ጥልቀት ግን አንድ ሥራ እንደሚሠሩ ይነገራቸው።

ይህ በዕቅዱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይቀመጥ ባይ ነኝ። ከሳጥኑም ከዘንጉም በላይ ዋጋ አለው።

ከአራዳ፣ የ6ኛ ክፍል መምህርት

እስማማለሁ። እኔ የማመጣው ጀሪካኑን ነው። የጎንደር ልጅ ሊትርን ከመጽሐፍ በፊት በትከሻው ያውቀዋል። 20 ሊትር ጀሪካን ስንት እንደሚከብድ አትንገሩት፤ እሱ ይነግራችኋል። እዚያ ላይ «1 ሜትር ኩብ ስንት ጀሪካን ነው?» ብዬ ስጠይቅ 5 የሚል አለ፣ 10 የሚል አለ። 50 መሆኑን ሲደርሱበት አንዱ ልጅ «ታዲያ ቦቴው ስንት ያመጣል?» አለኝ። የሚቀጥለው ትምህርት ከዚያ ጥያቄ ወጣ።

ጀሪካኑን ግን መጀመሪያ በሊትር ጠርሙስ ይለኩት። አንዳንዱ እስከ አፉ ሲሞላ ከ20 ሊትር ይበልጣል፤ ልጆቹ የተጻፈውንና የተለካውን መለየት ይልመዱ።

የውሃ ቆጣሪ ደረሰኝም ጥሩ ምሳሌ ነው፣ በሜትር ኩብ ስለሚጻፍ። 6 ሜትር ኩብ 300 ጀሪካን ነው። ነገር ግን «ደረሰኝ ከቤት አምጡ» አንበል። ቆጣሪ የሌላቸው፣ ውሃ በጀሪካን የሚገዙ ቤተሰቦች አሉ፤ ልጅ በድህነቱ ክፍል ውስጥ እንዲታይ አልፈልግም። ቁጥሩን መምህሩ ራሱ ሰሌዳ ላይ ይጻፍ።

ከቁስቋም፣ የ5ኛ ክፍል መምህር

ደረሰኙ ላይ ያልሽው ልክ ነው እህቴ፤ ይግባ። እኔ ከወላጆች አንድ ግንበኛ መጋበዝ አስባለሁ። ለሲሚንቶ ቡኬት አሸዋና ጠጠር የሚለኩበት ሳጥን አላቸው፤ 50 በ40 በ20 ሳንቲ ሜትር ነው። 40,000 ሳንቲ ሜትር ኩብ፣ 40 ሊትር፣ 0.04 ሜትር ኩብ። 25 ጊዜ ሲገለበጥ 1 ሜትር ኩብ ይሞላል። አንድ ሳጥን ላይ ሦስቱም አሃድ ይገናኛሉ። ግንበኛውም ልጁ ፊት ቆሞ ሲያስተምር የሚሰማውን አስቡት።

ጣሳና ቁናስ? የቅዳሜ ገበያ ልጆች የሚያውቁት እሱን ነው።

ጡረታ የወጡት ጋሼ

ለመግቢያ ብቻ። ቁና ከቦታ ቦታ ይለያያል፣ በልኩ ተጠርጎ ሲሰፈርና ተቆልሎ ሲሰፈርም አንድ አይደለም። ለዚህ ነው ሁሉም የሚስማማበት አሃድ ያስፈለገው። አንድ ጥያቄ ጠይቆ ማለፍ ይበቃል።

አስተባባሪዋ፣ ረቡዕ

አሁን የከበደው ጉዳይ። ማራኪና አራዳ ያሉት ባልደረቦች ልጆቹን ወደ ፋሲለደስ መዋኛ እንውሰድ ብለዋል። ገንዳው ዓመቱን ሙሉ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ነው፤ ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ በሚመጣ ውሃ ይሞላል። ከከተማችን ይህን የሚያህል የይዘት ጥያቄ የት ይገኛል? ልጆቹ ጥር 11 ሲመጣ ቆመው የሚያዩት ውሃ ነው።

ከአዘዞ፣ የ5ኛ ክፍል መምህርት

ደስ ይለኛል፤ ግን እፈራለሁ። ጥልቅ ነው፣ ድንጋዩም ያረጀ ነው፣ የዛፎቹ ሥር ግድግዳውን ይዞታል። በ1979 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ከተመዘገበው የፋሲል ግቢ ቅርስ ጋር የሚቆጠር ስፍራ ነው። ልጆች ጠርዙ ላይ ተደርድረው ሜትር ሲዘረጉ እኔ አልችልም።

ከማራኪ፣ የ6ኛ ክፍል መምህር

ልክ ነሽ። እንዲህ ቢሆንስ? ከገንዳው ጠርዝ ርቀው፣ ከጎኑ ትይዩ በእርምጃ ርዝመቱንና ወርዱን ይለኩ፤ የእርምጃቸውን ርዝመት አስቀድመው ግቢያችን ውስጥ ይለካሉ። ጥልቀቱን ፈቃድ አግኝቶ አንድ መምህር በገመድ ይለካ። ግድግዳ የሚነካ አይኑር። ግምቱ ግምት ነው፤ መሐል ያለው ግንብ ቦታ እንደሚይዝ ራሳቸው እንዲያነሱት እንጠብቅ።

ስሌቱን ለመምህራን በምሳሌ ቁጥር አስቀምጫለሁ፤ የገንዳው ልክ እንዳይመስላችሁ። 40 ሜትር በ25 ሜትር በ2 ሜትር ቢሆን 2,000 ሜትር ኩብ፣ 2,000,000 ሊትር፣ 100,000 ጀሪካን። እውነተኛውን ቁጥር ልጆቹ ያምጡት።

ከአዘዞ፣ የ5ኛ ክፍል መምህርት

እንዲህ ከሆነ እስማማለሁ። ለ6ኛ ክፍል ብቻ፣ ለ15 ልጅ አንድ መምህር፣ ወላጅ መምህር ኅብረት አውቆት። ከታኅሣሥ አጋማሽ በፊት ይሁን፤ ከዚያ በኋላ ስፍራው ለበዓሉ ይሰናዳል።

አስተባባሪዋ፣ ሐሙስ ማታ

ረቂቁ ይኸው፤ ቃል የምትለውጡ ዛሬ ለውጡ።

«ማኅበራችን ለ5ኛና ለ6ኛ ክፍል የስድስት ክፍለ ጊዜ የይዘት ልኬት ትምህርት በጉድኝት ማዕከሎች (ጎረቤት ትምህርት ቤቶች በጋራ በሚሠሩባቸው) ለመሞከር ያቅዳል። ተማሪዎች በመጀመሪያ ከእንጨት ኩቦች የተሠራ ክምር ፈትተው ይቆጥራሉ። በሁለተኛው የካርቶን ሳጥን በ1 ሊትር ውሃ ይሞላሉ። በሦስተኛው 12 ዘንግ አስረው በ28 ሳጥኖች የ1 ሜትር ኩብን ልወጣ ራሳቸው ያገኛሉ። በአራተኛው ጀሪካንና የግንበኛ ሳጥን ይለካሉ። የልወጣ ሰንጠረዥ በአምስተኛው በተማሪዎቹ እጅ ይዘጋጃል። በስድስተኛው 5ኛ ክፍል በግቢው ያለ የውሃ በርሜል፣ 6ኛ ክፍል ፈቃድ ሲገኝ የፋሲለደስ መዋኛን ይገምታሉ። ከትምህርቱ በፊትና በኋላ አንድ ዓይነት አምስት ጥያቄ ይሰጣል፤ ከእነዚህም አንዱ ‹1 ሜትር ኩብ ስንት ሳንቲ ሜትር ኩብ ነው?› የሚለው ይሆናል።»

ከአራዳ፣ የ6ኛ ክፍል መምህርት

«ለምን?» የሚለውን ጨምሪበት። 1,000,000 ብሎ ምክንያቱን ያልነገረኝ ልጅ አልገባውም ብዬ ነው የምይዘው።

አስተባባሪዋ

ጨምሬዋለሁ።

ከቁስቋም፣ የ5ኛ ክፍል መምህር

በርሜሉ ክብ ነው፤ በርዝመት በወርድ አይለካም። 5ኛ ክፍሎች በጀሪካን እየገለበጡ ይቁጠሩት ብለሽ አስተካክይው። ዘንጎቹን ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ይዤ እመጣለሁ። ሜትር ያለው ሰው ይዞ ይምጣ፤ አስራ ሁለቱም እኩል ካልሆኑ ቀፎው ይጣመማል።

ጡረታ የወጡት ጋሼ

ሜትር እኔ ጋ አለ።