የጀልባዬ ውሃ ማውጫ ፓምፕ በራሱ አልነሳ አለኝ

ሰላም ወገኖች። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ሰው የምታመላልስ የሞተር ጀልባ አለችኝ። ከወለሉ ሥር የሚጠራቀመውን ውሃ የሚያወጣው ባለ 12 ቮልት ፓምፕ በእጅ ሲበራ በኃይል ይተፋል፤ አውቶማቲክ ላይ ሳደርገው ግን ውሃው ወለሉን ሊነካ እስኪደርስ ጭጭ ነው። ፊውዙም ባትሪውም ደህና ናቸው።

ግራ ያጋባኝ ፍሎት ስዊቹ (ውሃው ከፍ ሲል ተንሳፍፎ ፓምፑን የሚያስነሳው ማብሪያ) ነው። ሁለቱን ገመዶቹን በቀጥታ ሳገናኛቸው ፓምፑ ወዲያው ይነሳል። ስዊቹ ሞቷል ብዬ ፈትቼ በቴስተር ስለካው ደግሞ ከፍ ሲል ይገናኛል፣ ዝቅ ሲል ይለያያል፤ እንከን አልተገኘለትም! ቦታው መልሼ ተንሳፋፊውን በእጄ ሽቅብ ባነሳውም ዝም። ጭቃም ሆነ እምቦጭ አልያዘውም፣ አይቻለሁ።

የእኔ ጥርጣሬ፣ ቴስተር የሚልከው ኤሌክትሪክ ኢምንት ስለሆነ የተቃጠለ ኮንታክት (ስዊቹ ውስጥ የሚነካካው ብረት) ደህና መስሎ ይታያል፤ የፓምፑን አምፔር ሲሸከም ግን ይከዳል። እንዲህ የገጠመው አለ? ተንሳፋፊው ተነሥቶ እያለ በሁለቱ ገመዶች መካከል ስለካ 11 ቮልት ገደማ አገኛለሁ። ይኼ ከስዊቹ ነው ወይስ ከገመዱ መጋጠሚያ? አንድ መካኒክ ሪሌይ (በትንሽ ኤሌክትሪክ እየታዘዘ የፓምፑን ትልቅ አምፔር የሚሸከም ማብሪያ) አስገባ ይለኛል። ፍሎቱን ብቻ ብቀይረው ያው አምፔር መልሶ አያቃጥለውም? ክረምቱ ሳይገባ መላ በሉኝ፤ ጣናን በነሐሴ ታውቁታላችሁ።