ቦቴ «መንፈስ» የሚለውን ቃል ስድብ ነው ብሎ እየሸፈነብኝ ነው 😭

አድሚን በግድ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ የአንድ ግሩፕ አድሚን ነኝ፣ ብልግናው ሲበዛብኝ መጥፎ ቃል በኮከብ የሚሸፍን ቦት ራሴ ሰራሁና ያው የምታውቋቸውን ቃላት ሊስቱ ውስጥ አጨኳቸው፣ «ፈስ»ም ነበረችበት። በማግስቱ አንዷ አባላችን ሀዘን ላይ ነበረችና ሰው ሁሉ ሲያጽናናት ቻቱን ባየው «መን**ሽን ያበርታልሽ» ይላል፣ ከላይ እስከ ታች። አንዱ ጭራሽ «ምን ብላችሁ ነው የሰደባችኋት?» ብሎ ገባ። ደግሞ «መንፈሳዊ» ስል ዝም ብሎ ያሳልፋል። ምንድነው ነገሩ?

ኮማ የረሳ፦
ቆይ ሳቄን ልጨርስ 😂 ወንድሜ ቦትህ ቃል አያውቅም፣ የሚያየው ፊደል ነው። መንፈስ ውስጥ ፈ እና ስ ተከታትለው አሉ በቃ ያዘ፣ መንፈሳዊ ላይ ስ ሳ ስለሆነች ለሱ ሌላ ፊደል ናት። በዚህ ሂሳብ «ፈሳም» ብሎ የሚሳደበውም በሰላም ያልፋል ማለት ነው፣ የሚያጽናናው ብቻ ይያዛል ሃሃሃ። አትፈር ግን፣ እ.ኤ.አ. በ1996 ኤኦኤል የሚባለው የኢንተርኔት ድርጅት ስከንቶርፕ የምትባል የእንግሊዝ ከተማ ነዋሪዎችን አካውንት እንዳይከፍቱ ከልክሎ ነበር፣ ስሟ ሆድ ውስጥ በእንግሊዝኛ ነውር የሆነ ቃል ስላለ። ይሄው እስከዛሬ ችግሩ በሷ ስም ይጠራል።

ሽንኩርት፦
እኔ የምወደው የ2020ውን ነው። ዳይኖሰር ምናምን የሚያጠኑ ሳይንቲስቶች ጉባኤያቸውን ኦንላይን አደረጉና የጥያቄና መልሱ ፊልተር «አጥንት» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ አገደባቸው። ስለ አጥንት ለማውራት ተሰብስበህ አጥንት ማለት ክልክል 💀 በዛው ዓመት ፌስቡክም የአንድ ካናዳ ያለ ዘር ሻጭ የሽንኩርት ፎቶ ወሲብ ቀስቃሽ ነው ብሎ ማስታወቂያውን መልሶበታል፣ ዩዘርኔሜ ከየት እንደመጣ አሁን ገባችሁ

አድሚን በግድ፦
እሺ ሙሉ ቃል ብቻ እንዲይዝ ባደርገውስ?

ኮማ የረሳ፦
ለእንግሊዝኛ ይሰራ ነበር፣ አማርኛ ግን ቃሉ ላይ የ በ ለ ከ እየለጠፈ ነው የሚሄደው፣ «የፈስ» «ከፈስ» ሁሉም ያመልጡሃል። ይልቅ የማይነኩ ቃላት ሊስት ለብቻ አድርግ፣ መጀመሪያ እሱን ይይ። ያም ቢሆን ማለቂያ የለውም

አድሚን በግድ፦
መንፈስን ማይነኩት ውስጥ አስገባሁ፣ ሰራ፣ ተመስገን። አስር ደቂቃ ሳይሞላ ያ «ምን ብላችሁ ነው የሰደባችኋት» ያለው ልጅ «ፈሥ» ብሎ በንጉሡ ሠ ጽፎ አለፈ።

ሽንኩርት፦
በንጉሡ ሠ?? ማዕረግ ሰጣት በለኛ 😂😂

ኮማ የረሳ፦
ከማነጻጸርህ በፊት ሠን ወደ ሰ፣ ሐ እና ኀን ወደ ሀ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ቀይራቸው፣ ከነሙሉ ዘራቸው። ልጁን ግን አታባርረው፣ ቴስተር አድርገው